በትንሹ ሐዲድ ላይ ስለሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ

ባለፈው ዓመት በወላጆች በዓል ዕለት በሳይንስ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የደረሰውን የባቡር ግጭት በዓይኑ ያላየ ተማሪ ቢኖር እንኳ ያልሰማ አይገኝም። የተጋጨው ባቡር ከነፉርጎው ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጥ የሞዴል ባቡር ስለ ነበር የተጎዳ ሰው የለም፤ ከሣቅ በቀር ያተረፍነውም የለም። ከተመልካቾቹ መካከል ግን በወጣትነታቸው ድሬዳዋ በወታደርነት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩና፥ ሣቁ በረድ ሲል ወደ ጠረጴዛው ቀርበው «ልጆቼ፥ ቀዩ መብራት ለምን አልበራም?» ሲሉ ጠየቁን።

«ሽቦው ተነቅሎ ነው፥ አባባ» ብለን መለስንላቸው።

«ሽቦማ ይነቀላል። እኔ የጠየቅኋችሁ ሽቦው ሲነቀል ባቡሩ ለምን እንደ ሄደ ነው» አሉን።

ይህ ጥያቄ ለክበባችን የአንድ መንፈቅ ሥራ ሆነበት። በዚህ ዓመት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወጥተን ጠረጴዛውን የሚረከቡት ከእኛ በታች ያሉት ናቸውና፥ መብራቶቹ፥ የሐዲዱ መገንጠያና የምልክት መብራቱ በምን ዓይነት የሽቦ አዘረጋግ እንደሚሠሩ፥ ከጥፋታችን ጋራ ጭምር ጽፈን ማለፍ ተገቢ መስሎ ታየን።

እንደሚታወቀው በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የምድር ባቡር የለም። በዚህ አገር በጎማ ስለ ተጓዘ ከባድ ብረት ሲወራ የሚነሣው በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ነው፤ እርሱም በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በጨጨሆ በኩል ሲያልፍ የጎተተው የሰው ክንድ ነበር። በዚያው ዓመት የመጣባቸው የእንግሊዝ ጦር ግን ከዙላ ወደብ ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን በባቡር ያመላልስ ነበር። ኋላም ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የአዲስ አበባው የከተማ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመካከላችን ከእነዚህ አንዱን በዓይኑ ያየ ግን ከሁለት ሰው አይበልጥም።

የእኛው ባቡር ከአገራችን ሰዎች አንዱ ከውጭ ሲመለስ በካርቶን አምጥቶ ለክበቡ የሰጠው ነው። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ሞተር ያለው መኪና፥ አራት ፉርጎ፥ ሞላላ ሆኖ የሚገጣጠም ሐዲድ፥ አንድ መገንጠያ ሐዲድና የመቈጣጠሪያ ሣጥን ነበሩ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የትልቁን ባቡር የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትርን ለ87 ያካፈለ ይህን ቍጥር ያገኛል፤ እንግዲህ ባቡራችን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚሁ ልክ እንሥራው ብንል ከ8 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሐዲድ ያስፈልገናል፤ የእኛው ግን በአንድ ጣውላ ላይ ያልቃል። በላዩም ሦስት የካርቶን ጣቢያዎች ሠርተን ንፋስ መውጫ፥ ወገዳና መካነ ኢየሱስ አልናቸው። መብራትና ምልክት በካርቶኑ ውስጥ ስላልነበረ እርሱን የሠራነው ራሳችን ነን፤ ችግሩም ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በመጀመሪያ ባቡሩ ኀይሉን ከየት እንደሚያገኝ እንመልከት። ከመቈጣጠሪያው ሣጥን የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ በግራው፥ ሌላው በቀኙ ሐዲድ ላይ ይታሰራሉ። ጎማዎቹ ኮረንቲውን ከሐዲዱ ተቀብለው ለሞተሩ ያደርሳሉ። የሣጥኑ እጀታ ሲዞር ከዜሮ እስከ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ቮልቱ ከፍ ሲል ባቡሩ ይፈጥናል፥ ዝቅ ሲል ያዘግማል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲለዋወጡ ደግሞ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞርና ባቡሩ የኋሊት ይሄዳል።

ይህን ያየ ጀማሪ ሁሉ «ኮረንቲው በሐዲዱ ላይ ካለ የጣቢያውን አምፑል ከዚያው ለምን አንቀጥለውም?» ይላል። እኛም ብለን ነበር። የሆነውም ይህ ነው፤ ባቡሩ ሲፈጥን ጣቢያዎቹ ቦግ ይላሉ፤ ሲያዘግም ይደበዝዛሉ፤ ጣቢያ ደርሶ ሲቆም ድርግም ብለው ይጠፋሉ። መንገደኛው በሚወርድበት ሰዓት የሚጠፋ መብራት ምን ይረባል! ይባስ ብሎም ኤልኢዲ የተባለው ትንሹ መብራት ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፥ ባቡሩ የኋሊት ሲሄድ ጨርሶ አይበራም። በዛሬው ጊዜ ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኀይል ይዞ የባቡሩ ትእዛዝ በዲጂታል መልእክት የሚተላለፍበት ዘዴ አለ፤ ዋጋው ግን ከክበባችን አቅም በላይ ነው።

ነገሩ በትልቁ ባቡርም ተለይቶ የተሠራ ነው። በአዲሱ የጅቡቲ መስመር ባቡሩን የሚጎትተው ኮረንቲ 25 ሺህ ቮልት ሲሆን፥ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ተቀብሎ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በ750 ቮልት ይሠራል። ከዚህ ላይ የጣቢያ አምፑል ልንጠልጥል የሚል መሐንዲስ የለም፤ መብራቱና ምልክቱ የየራሳቸው ዝቅ ያለ ኀይል አላቸው።

ስለዚህ እኛም ለመብራቶቹ ሌላ ምንጭ ፈለግን። ያገኘነው ከተጣለ ዩፒኤስ የወጣ ባለ 12 ቮልት፥ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው፤ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በቻርጅ መቈጣጠሪያ በኩል ይሞላል። በዚህም ምክንያት የከተማው መብራት በጠፋ ቀን ባቡሩ ቢቆምም ጣቢያዎቹ ያበራሉ። በግድግዳው ሶኬት ያለው 220 ቮልት ግን ሰው ይገድላል። ከእርሱ ምንም ሽቦ ወደ ጠረጴዛው አይመጣም፤ የመቈጣጠሪያው ሣጥንም በማንኛውም ምክንያት አይከፈትም።

12 ቮልት ሰውን አይገድልም ተብሎም መዘናጋት አይገባም። የባትሪው ሁለት ጫፎች በብረት ቢገናኙ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ ያፈስሳል። የአንዱ ጓደኛችን የእጅ ሰዓት የብረት ማሰሪያ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቢያርፍ በቅጽበት እንደ ፍም ግሎ፥ ጠባሳው እስከ ዛሬ በእጁ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ጣት ያህል እንኳ ሳይርቅ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገብተናል። ሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው ትንሹ የመስታወት ፊውዝ ነው። ፊውዙ ከባትሪው ራቅ ካለ፥ በመካከል ያለው ሽቦ ሲነካካ የሚያስጥል የለውም፤ ስለዚህ ቦታውን ማንም እንዳይለውጥ። ሰዓትና ቀለበትም ወልቆ በኪስ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ። መብራቶቹን በተከታታይ፥ ማለት የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ እያሰርን ብናያይዛቸው፥ በጠባብ ቀጭን መንገድ ላይ ተቀጣጥለው እንደሚሄዱ በቅሎዎች ይሆናሉ፤ አንዷ ከቆመች ሁሉም ቆሙ። በትይዩ ብናያይዛቸው ግን በአንድ ገንዳ ዙሪያ እንደሚጠጡ ከብቶች ናቸው፤ አንዱ ቢሄድ የቀሩት መጠጣታቸውን አያቋርጡም። ስለዚህ ከጣውላው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎች ዘረጋን፤ ቀዩ ከፊውዙ የሚመጣ፥ ጥቍሩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስ ነው። እያንዳንዱ መብራት አንድ እግሩን በቀዩ፥ ሌላውን በጥቍሩ ላይ ያኖራል። ጥቍሩ ለሁሉም የጋራ መመለሻ ስለ ሆነ ለየመብራቱ ሁለት ሽቦ ከመቈጣጠሪያው ሰሌዳ ድረስ መጎተት ቀረ። ለቅርንጫፎቹ የተጠቀምነው ከተጣለ የስልክ ገመድ ውስጥ የወጡትን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ሰማያዊው የንፋስ መውጫ፥ ብርቱካኑ የወገዳ፥ አረንጓዴው የመካነ ኢየሱስ ነው። ቀለም ያልለየ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የገዛ ሥራውን አያውቀውም፤ እኛ በአንደኛው ነው የጠፋብን።

ኤልኢዲን በቀጥታ በ12 ቮልት ላይ ማሰር ማቃጠል ነው። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይበቃዋል፤ የቀረውን 10 ቮልት የሚሸከም ሬዚስተር በተከታታይ ይገባል። በመብራቱ 0.01 አምፔር ብቻ እንዲያልፍ ብንፈልግ፥ በፊዚክስ እንደ ተማርነው በኦም ሕግ 10 ቮልትን ለ0.01 ስናካፍል 1000 ኦም እናገኛለን። ይህ ሬዚስተር ቡናማ፥ ጥቍርና ቀይ ቀለበት ያለበት ነው። ነጩ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ስሌቱ 900 ኦም ይሰጣል፤ ግን 1000ው ለእርሱም ይሆናል። በሬዚስተሩ ላይ የሚጠፋው ኀይል 10 ቮልት በ0.01 አምፔር፥ ማለት 0.1 ዋት ነው፤ ስለዚህ ባለ ሩብ ዋቱ ይበቃል። አሥራ አራት መብራቶች በአንድነት ሲበሩ 0.14 አምፔር ይወስዳሉ፤ ባትሪው በስሌት 50 ሰዓት ሊያበራቸው ይችላል፤ አሮጌ ስለ ሆነ ግን ያን ያህል አይጠብቁበት።

መገናኛው ሁሉ በካውያና በእርሳስ ይበየድ። በወላጆች በዓል ዕለት የተነቀለችው ሽቦ በእጅ ተጠምዝዛ በናስትሮ የተጠቀለለች ነበረች። ናስትሮ በአቧራና በንፋስ መውጫ ብርድ ሙጫው ይለቃል። ከብየዳ በኋላም ምሳ ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ እርሳስ መርዝ ነውና።

መገንጠያው ሐዲድ በወገዳ ጣቢያ ባቡሩን ወደ ጎን መስመር የሚያስገባው ነው። እርሱን ከሩቅ ለማንቀሳቀስ ከተቃጠለ ሞተር በወጣ ባለ ቀለም የመዳብ ሽቦ ሁለት ጥቅል ሠርተን በመካከላቸው ምስማር አስገባን። ኮረንቲ በግራው ጥቅል ሲያልፍ ምስማሩ ወደ ግራ፥ በቀኙ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ሐዲዱንም ይዞ ይሄዳል። ፊውዙ ገና ያልገባ ጊዜ ይህን በተራ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ አያያዝነውና አንድ ሰው ረስቶ አብርቶት ሄደ። የጥቅሉ ሬዚስታንስ 4 ኦም ነው፤ 12 ቮልት ለ4 ሲካፈል 3 አምፔር፥ በኀይል 36 ዋት ይሆናል። አውራ ጣት በምታህል ጥቅል ውስጥ 36 ዋት እሳት ነው። ክፍሉ ጢስ በጢስ ሆነ።

ሐዲዱን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ማብሪያውን ጣት ሲነሣ በራሱ በሚመለስ የደወል መጥሪያ ለወጥነው። በዚያም ላይ አደራ የማይባልለት ጣት ስላለ ካፓሲተር ጨመርንበት። ሁለት ባለ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች በትይዩ ሆነው በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል በዝግታ ይሞላሉ፤ ለመሙላት 10 ሰከንድ ያህል ይፈልጋሉ። መጥሪያው ሲጫን ያጠራቀሙትን በአንድ ጊዜ ወደ ጥቅሉ ያፈስሱታል። መጥሪያው ተጣብቆ ቢቀር እንኳ በሬዚስተሩ በኩል የሚያልፈው 0.025 አምፔር ብቻ ነው፤ ጥቅሉም አይሞቅም። ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አለውና ተገልብጦ እንዳይገባ፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። የቀድሞው ምልክታችን ሁለት መብራትና አንድ መቀያየሪያ ብቻ ነበር። መቀያየሪያው ወደ አንዱ ሲዞር ቀይ፥ ወደ ሌላው ሲዞር አረንጓዴ ይበራል። በዕለቱ ሁለት ፉርጎዎች በወገዳ ጣቢያ ቆመው ነበር፤ መቀያየሪያውም በቀይ ላይ ነበር። ሽቦው ግን ተነቅሎ ስለ ነበር ምልክቱ ጨለማ ሆነ። ባቡሩን የሚነዳው ጓደኛችንም ቀይ ስላላየ ነዳ። በእርሱ መፍረድ አይቻልም፤ ጥፋቱ «ቁም» የሚለው ቃል በአንዲት ሽቦ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ይህን እንቆቅልሽ ለትልቁ ባቡር ከፈቱት አንዱ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ባወጣው ፓተንት። የእርሱ ሐሳብ እንዲህ ነው። የሐዲዱ አንድ ቁራጭ ከቀረው ተለይቶ በአንደኛው ጫፍ ባትሪ፥ በሌላው ጫፍ ሪሌይ ይታሰርበታል። ሪሌይ ማለት በኮረንቲ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ሆኖ አንዲት የብረት ምላስ ወደ ራሱ ይስባል። ሐዲዱ ባዶ ሲሆን የባትሪው ኮረንቲ በሐዲዱ ሄዶ ምላሷን ወደ ላይ ይዟት ይቆያል፤ አረንጓዴም ይበራል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና የብረት ዘንጋቸው ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኙና ኮረንቲው በአቋራጭ ይመለሳል፤ ምላሷም ትወድቃለች፤ ቀይ ይበራል። የዚህ ብልሃት ውበት ባትሪው ቢደክም፥ ሽቦው ቢበጠስ፥ ሐዲዱም ራሱ ቢሰበር ምላሷ ያው መውደቋ ነው። አረንጓዴ ለመብራት ሁሉም ነገር ደህና መሆን አለበት፤ ቀይ ለመብራት ግን አንድ ነገር መበላሸት ይበቃል። በትልቁ የምድር ባቡር ምላሷ በስፕሪንግ ሳይሆን በገዛ ክብደቷ እንድትወድቅ ይደረጋል፤ ስፕሪንግ ይሰበራል፥ ክብደት ግን አይሰበርም።

በእኛ ሐዲድ ላይ ይህን እንደ ወረደ መቅዳት አልተቻለም። የሞዴሉ ጎማዎች ሁለቱ ሐዲዶች እንዳይነካኩ በፕላስቲክ የተለዩ ናቸው፤ ሐዲዱም የሞተሩን ኮረንቲ ተሸክሟል። ስለዚህ ሐሳቡን ወስደን አሠራሩን ለወጥነው። ከተበላሸ የቮልት ማስተካከያ ስታቢላይዘር ሁለት ጥንድ መገናኛ ያለው ባለ 12 ቮልት ሪሌይ አወጣን። ጠባቂው ማብሪያውን ሲያበራ ኮረንቲ ወደ ሪሌዩ ይሄዳል፤ ምላሶቹ ሲሳቡ አንደኛው ጥንድ መብራቱን ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለውጣል። ሁለተኛው ጥንድ የሚሠራው ደግሞ ከመብራት ይበልጣል። ከምልክቱ ፊት ለፊት አንዱን ሐዲድ በሁለት ቦታ በቀጭን መጋዝ ቆርጠን 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ቁራጭ ለይተነዋል፤ ክፍተቶቹንም እንዳይገጥሙ በሙጫ ሞልተናል። ይህ ቁራጭ ኮረንቲ የሚያገኘው በሪሌዩ ሁለተኛ ጥንድ በኩል ብቻ ነው። እንግዲህ ሪሌዩ በወደቀ ጊዜ የሐዲዱ ቁራጭ ይሞታል፤ ነጂው እጀታውን እስከ መጨረሻው ቢያዞረውም ባቡሩ ከምልክቱ አያልፍም። የሞተሩ መኪና ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁራጩን ከእርሱ እጥፍ በላይ ያደረግነው ጎማዎቹ ሁሉ ክፍተቱን አልፈው እስኪገቡና የሩጫው ግፊት እስኪያልቅ ድረስ መንገድ ስለሚያስፈልገው ነው። በመጀመሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ነበር፤ ባቡሩ በግፊቱ ተንሸራቶ አለፈ።

ቀይ መብራቱንም ሁለት አደረግነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሬዚስተር አለው።

ሥራው ሲያልቅ ሽቦዎቹን ተራ በተራ እየነቀልን ፈተንን። የሪሌዩን ጥቅል ሽቦ ስንነቅል ቀይ በራ፥ ባቡሩም ቆመ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ስንነቅል መብራቱ ሁሉ ጠፋ፥ ባቡሩ ግን ቆመ። የሁለቱን ቀያዮች ሽቦ በአንድነት ስንነቅል ምልክቱ እንደ በዓሉ ዕለት ጨለማ ሆነ፤ ባቡሩ ቆመ። የአረንጓዴውን ስንነቅል ብቻ ጨለማ እያለ ባቡሩ አለፈ፤ ይህ መንገዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ የሚደርስ ስለ ሆነ ግጭት አያመጣም። ቢሆንም በጠረጴዛው ላይ «የጨለመ ምልክት እንደ ቀይ ይቈጠራል» የሚል ወረቀት ለጥፈናል።

አንድ ያልፈታነው ነገር ቀርቷል። ወደ ሪሌዩ የሚሄደው ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ ከቀዩ ወፍራም ሽቦ ጋራ ቢነካካ ጠባቂው ቢያጠፋውም ሪሌዩ እንደ ተሳበ ይቆያል፤ አረንጓዴም ይበራል። ለጊዜው ያንን ሽቦ ከሌሎቹ አርቀን በጣውላው ሌላ ጠርዝ ወስደነዋል፤ የሚመጡት ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይፈልጉለት። በመካነ ኢየሱስ በኩል የሚቆመው ሁለተኛው ምልክትም ገና ሽቦ አልተዘረጋለትም። ሪሌዩ፥ አራት ሬዚስተሮችና የተረፈው የስልክ ገመድ በሳይንስ ክፍሉ ቁም ሣጥን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ፤ ሥዕሉ ከክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል።